ገጠሩን ማን አከመው?

ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ፈቃዱን ይዞ ሥራ ያጣ ሐኪም ዛሬ በኢትዮጵያ ብርቅ አይደለም። ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ የምትወሰድበት ቀበሌም ብርቅ አይደለም። ሐኪሙ ሥራ ይፈልጋል፣ ወረዳው ሐኪም ይፈልጋል። ግን አይገናኙም።

የተለመደው መልስ «ወጣት ሐኪም ገጠር አይወድም» የሚል ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። የአገሪቱን የገጠር ሕክምና ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ያየ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል። የኢትዮጵያን ገጠር በዋናነት ዶክተር አክሞት አያውቅም። ያከሙት ድሬሰሮች (ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊዎች)፣ ጤና መኮንኖች፣ ሳኒታሪያኖች (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች)፣ ጤና ረዳቶች፣ ኋላ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ናቸው። እነሱ ባሉበት ሥራው ይሄዳል። ያቃተን እነሱን እዚያው ማቆየት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመናዊው ሕክምና ከመምጣቱ በፊትም ገጠሩ ባዶ አልነበረም። አጥንቱ የተሰበረ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል። ወሊድ የልምድ አዋላጅ እጅ ላይ ነው። ለኮሶ ትል የኮሶ አበባ ይጠጣል፤ ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር ይህ በየጊዜው የሚደረግ ነበር። ለቀረው ጠበል አለ፣ ደብተራ አለ፣ ዋግምት አለ። ፈንጣጣን እንኳ ሰዉ በራሱ መንገድ ይከትብ ነበር። ከታመመው ሰው ቁስል ፈሳሽ ይወሰዳል፣ የጤነኛው ቆዳ ይበጣል፣ ፈሳሹ እዚያ ይገባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ስለዚህ ጽፏል። አደገኛ ነው፤ አንዳንዴ ወረርሽኙን ራሱ ይቀሰቅሳል። ቢሆንም «የገጠር ሰው ክትባት ፈሪ ነው» ለሚሉ ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

ዘመናዊው ሕክምና የገባው በቤተ መንግሥት በኩል ነው። ከአድዋ ጦርነት በኋላ በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን መጣ፤ አዲስ አበባ ላይም ሆስፒታል ተከፈተ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ወደ አገራቸው የተመለሱት በዚያው ሰሞን ነው። በሕፃንነታቸው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ወስደዋቸው፣ ሕንድ አድገው፣ ላሆር ላይ ሕክምና ተምረው ነበር። ቀጥሎ ምኒልክ ሆስፒታል መጣ። ይህ ሁሉ ግን ከተማ ነው። ከከተማ ርቀው የሄዱት በብዛት ሚሲዮኖች ናቸው። ለምሳሌ አሜሪካዊው ዶክተር ቶማስ ላምቢ በ1919 ከሱዳን ተሻግሮ ደምቢ ዶሎ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ ሳዮ፣ ሥራ ጀመረ። የሚሲዮን ክሊኒክ ግን ለአካባቢው እንጂ ለአገር አይበቃም።

ለአገር የታሰበው ሥራ የተጀመረው ጎንደር ነው።

በ1953 ከጣና በስተሰሜን በደንቢያ ሜዳ፣ በቆላ ድባና በአካባቢው ከባድ የወባ ወረርሽኝ ገባ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። አገሪቱ የነበሯት ሐኪሞች ጥቂት፣ አብዛኞቹም የውጭ ሰዎች ነበሩ። የራሷ የሕክምና ትምህርት ቤት ገና አልነበራትም፤ እሱ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በ1964 ነው። ስለዚህ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ሆኖ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅን ከፈተ።

ሐሳቡ ለዘመኑ ደፋር ነበር። ዶክተር እስኪገኝ አንጠብቅ፤ መጀመሪያ ገጠሩ የሚፈልገውን ሥራ እንለይ፣ ከዚያ ለሥራው የሚሆን ሰው እናሠልጥን የሚል ነው። ሦስት ሙያ በአንድ ግቢ ተማረ። ጤና መኮንኑ ይመረምራል፣ ያክማል፣ ጤና ጣቢያውን ይመራል። የኅብረተሰብ ነርሷ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ ታዋልዳለች፣ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች። ሳኒታሪያኑ ምንጩን፣ ሽንት ቤቱን፣ ቄራውን፣ ገበያውን ያያል። ከመመረቃቸው በፊት ሦስቱም በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይላካሉ፤ እዚያ አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይሠራሉ። ቆላ ድባ ራሷ መለማመጃ ሆነች። አንድ ጤና ጣቢያ ለ50 ሺህ ሰው ታስቦ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ድሬሰር የሚሠራባቸው ትናንሽ ክሊኒኮች ነበሩ።

ድሬሰሩን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ድሬሰር ማለት ሆስፒታል ውስጥ ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ መድኃኒት ማደል የለመደ ሰው ነው። ትምህርቱ ብዙ አይደለም። ለገጠሩ ሰው ግን ሐኪሙ እሱ ነበር። አንዳንዱ እዚያው አግብቶ፣ ወልዶ፣ አረጀ። የየቤቱን በሽታ ያውቃል። ማን መድኃኒቱን እንደሚጨርስ፣ ማን ሁለት ቀን ውጦ እንደሚተወው ያውቃል። ፔኒሲሊን ለሁሉም ነገር መድኃኒት የሚመስለው ድሬሰርም አልጠፋም። ሥራውን በሮማንቲክ ዓይን ማየት አያስፈልግም። ግን ነበረ። መገኘት ደግሞ በገጠር ሕክምና ውስጥ ግማሹ ሥራ ነው።

ኮሌጁ በተከፈተ በአራተኛ ዓመቱ፣ በ1958፣ ወባ እንደገና መጣ። አሁን ግን ቆላው ብቻ አልበቃውም፤ ወደ ወይና ደጋውና ወደ ደጋው ወጣ። ወባ የማያውቀው ሰው ሰውነቱም አይቋቋመውም። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። መርጫውን በጀርባቸው ተሸክመው ዲዲቲ ግድግዳ ላይ የሚረጩትን ሰዎች ዕድሜ የጠገበ ገበሬ ዛሬም አይረሳቸውም።

የዚያ ዘመን ትልቁ ድል ግን ፈንጣጣ ነው። የማጥፋት ዘመቻው በኢትዮጵያ በ1971 ሲጀመር በዚያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዘገበ። በዓለም ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ሥራውን በብዛት የሠሩት ሳኒታሪያኖችና ሌሎች የጤና ሠራተኞች፣ ከእነሱም ጋር የውጭ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ናቸው። በእግር፣ በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር ዞሩ። ሆስፒታል ገንብቶ ታማሚን መጠበቅ ሳይሆን ታማሚውን ፍለጋ መሄድ ነበር ሥራው። የመጨረሻው ታማሚ በነሐሴ 1976 ተገኘ። ልብ በሉ፤ በመሐሉ የወሎ ረሀብ ነበር፣ አብዮት ነበር፣ ንጉሥ ወርዶ ደርግ መጥቷል። ሥራው ግን አልቆመም።

ታዲያ ይህን ያህል የሠራ አደረጃጀት ምን ሆነ? ጤና መኮንኑ ገጠር ውስጥ ቁንጮ ነው። ከተማ ሲገባ ግን ከዶክተር በታች ነው። ደመወዙም፣ ክብሩም፣ የማደጊያ ዕድሉም እንደዚያው። ጎበዝ ጤና መኮንን ምን ያደርጋል? ዶክተር ይሆናል። ብዙዎቹም ሆኑ። ማንም በእነሱ ቦታ ቢሆን ያው ነው። የዕድገት መሰላሉ የተደገፈው ከተማ ላይ ብቻ ከሆነ፣ የወጣ ሁሉ የሚገኘው ከተማ ነው።

ደርግ ሲመጣ በወረቀት ላይ ገጠሩ ቅድሚያ አገኘ። በ1978 አልማ አታ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅን የዓለም መፈክር አደረገው፤ የኢትዮጵያ ፖሊሲም ከዚያ ጋር ገጠመ። በድሬሰሩ ቦታ ጤና ረዳት መጣ። በየቀበሌው የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎች ተመለመሉ፣ የልምድ አዋላጆችም ሠለጠኑ። ወኪሎቹ ግን የመንግሥት ደመወዝ አልነበራቸውም። ኅብረተሰቡ ይደግፋቸው ተባለ። ኅብረተሰቡ ራሱ ድርቅና ጦርነት መሐል ነበር። ቀስ በቀስ ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። የጎንደር ኮሌጅ በላይፕዚግ ከተማ ባለው በካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ እርዳታ ዶክተር ማሠልጠን ጀመረ። የጤና መኮንን ሥልጠና ቆመ። ገጠርን እናስቀድም እየተባለ ለገጠር የተፈጠረውን ሙያ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ እኔ እስካሁን አልገባኝም። ሐኪም ማብዛቱ ክፉ አልነበረም። አንዱን ለመክፈት ሌላውን መዝጋቱ ነው ነገሩ። በ1980ዎቹ ጂማ ላይ የተከፈተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተማሪን ወደ ኅብረተሰቡ እየላከ በማስተማሩ የጎንደርን መንፈስ በከፊል አስቀጠለ። የጤና መኮንን ሥልጠና ራሱ የተመለሰው ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው።

ዶክተሮቹስ? ለረጅም ጊዜ አዲስ ተመራቂ በዕጣ ይመደብ ነበር። ስሙ ይጠራል፣ ዕጣ ያወጣል፣ የደረሰው ክልል ይሄዳል። የተወሰነ ዓመት ያገለግልና መልቀቂያውን ይወስዳል። ከዚያስ? በ2008 የወጣ አንድ ጥናት ከ1987 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 73 በመቶ ያህሉ ሐኪም ከመንግሥት ሥራ እንደወጣ አሳይቷል። ውጭ አገር፣ የግል ክሊኒክ፣ ኤንጂኦ። የግዴታ ዓመት ሰውን ያመጣል እንጂ አያስቀምጥም። ገና ሲደርስ የሚሄድበትን ቀን መቁጠር የሚጀምር ሐኪም የየቤቱን በሽታ የሚያውቀው መቼ ነው?

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከዚህ ሁሉ የተማረ ይመስላል። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከዚያው አካባቢ ተመለመሉ። አንድ ዓመት ሠለጠኑ። ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት፣ ለሁለቱ አንድ ጤና ኬላ። እንደ ደርግ ዘመን ወኪሎች በነጻ አይደለም፤ የመንግሥት ደመወዝተኛ ናቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። ሲጀመር 16 ፓኬጅ ነበራቸው፦ ሽንት ቤት፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ ወባ፣ የመሳሰለው። ቆይቶ የሕፃናት የሳንባ ምች ማከምና ክንድ ላይ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ ማስገባትም ተጨመረላቸው።

ውጤቱ በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ላይ ይታያል። በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ወደ 67 ወረደ። ከ100 ሺህ ወሊድ የሚሞቱት እናቶች ከ871 ወደ 412 ወረዱ። የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች ከ8 በመቶ ወደ 36 በመቶ ወጡ። ሁሉም የእነዚህ ሴቶች ሥራ ነው አልልም። መንገድ ተሠርቷል፣ አጎበር ታድሏል፣ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ገብታለች። ግን መርፌውንና አጎበሩን እስከ በሩ ያደረሰው ማን ነው ቢባል፣ እነሱ ናቸው።

ዛሬ እነዚህ ሴቶች ደክመዋል። ያኔ የ18 ዓመት ልጅ የነበረችው አሁን የልጆች እናት ናት። የቤተሰብ ፎልደር፣ ማለትም የየቤቱን የጤና መዝገብ፣ ትሞላለች፣ ሪፖርት ትጽፋለች፣ ስብሰባ ትጠራለች። ከጤና ጋር የማይገናኝ የቀበሌ ዘመቻ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል። ሕዝቡም ተለውጧል። ስለ ሽንት ቤት ሃያ ዓመት ሰምቷል፤ አሁን የሚፈልገው የደም ግፊት መለኪያና መድኃኒት ነው። ጤና ኬላው ግን አሁንም ባብዛኛው የተሠራው ለትምህርት ነው። ለዚህች ሴት የዕድገት ዕድል ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁ መልሱ ያው የድሮው ነው። ደረጃዋን አሻሽላ፣ ዲግሪ ይዛ፣ ወደ ከተማ መዛወር። ሰባ ዓመት ሙሉ አንድ ስህተት ስንደጋግም መቆየታችን ያናድዳል።

መፍትሔው ግን ከአገር ውስጥ የጠፋ አይደለም። ሦስት ነገር ላንሳ።

በከባድ ምጥ ምክንያት ሽንት መቆጣጠር ያቃታቸውን እናቶች የሚያክመው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል መሥራቾች ሬጅናልድና ካትሪን ሃምሊን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1959 ነው። ከታካሚዎቻቸው አንዷ ማሚቱ ጋሼ ትባላለች። ከገጠር የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች ልጅ ነበረች። ከሕመሟ ስትድን እዚያው ቀርታ ማገዝ ጀመረች፤ ቀስ በቀስ ቀዶ ሕክምናውን ለመደችው። በፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ለተማሩ ሐኪሞች ሥራ እስከማሳየት ደረሰች። በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ሜዳሊያ ከሃምሊኖች ጋር ተሰጣት። ይህ ለሁሉም የሚሆን መንገድ አይደለም፤ ማንም ፊደል ያልቆጠረ ይቅደድ አላልኩም። ግን ችሎታ የት እንዳለ ያሳያል። ሆስፒታሉም ይህን አልረሳውም። በ2007 የተከፈተው የሃምሊን አዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ሴት ተማሪዎችን ከገጠር ይቀበላል፣ አራት ዓመት ያስተምራል፣ ወደመጡበት አካባቢ ጤና ጣቢያ ይመልሳል።

ሁለተኛው ጉራጌ ውስጥ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ነው። የካቶሊክ እህቶች ያቆሙት ነው። ለመውለድ የደረሱና አደጋ ያሰጋቸው እናቶች ቀድመው መጥተው የሚቆዩበት ቤት ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለው። ነገሩ ቀላል ነው፤ ጎጆ፣ ማብሰያ፣ አብራት የምትመጣ ዘመድ። የ22 ዓመት መዝገብ ሲታይ ማቆያው ውስጥ ከቆዩት መካከል ከ100 ሺህ ወሊድ 90 ያህል እናቶች ሞተዋል። ከቤት በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን 1,333። በእርግጥ ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም። ከቤት በቀጥታ የምትመጣው ብዙ ጊዜ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ግን ቁም ነገሩም ይኸው ነው፤ ማቆያው ያስቀረው ያንን መዘግየት ነው። አሁን የእናቶች ማቆያ በብዙ ጤና ጣቢያ አለ። ምግብ የሚቀርብበትና የማይቀርብበት ግን ለየቅል ነው።

ሦስተኛው በ2009 የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ማስተርስ ነው። ጤና መኮንኖች ሦስት ዓመት ይማሩና በወረዳ ሆስፒታል በኦፕሬሽን ያዋልዳሉ፣ ትርፍ አንጀት ያወጣሉ። ስፔሻሊስት ሊደርስባቸው ባልቻለ ቦታ ብዙ ሰው አድነዋል። አሁን ግን የእነሱ ጥያቄ ከድሮዎቹ የጎንደር ጤና መኮንኖች ጋር አንድ ነው። ከዚህ በኋላ ወዴት እናድጋለን? ከዶክተር ጋር እኩል ዱቲ አድረን ለምን እኩል አይከፈለንም?

ከ2012 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ሐኪም በብዛት ማሠልጠንን መረጠ። በዚያ ዓመት 13 ተቋማት በአንዴ አዲስ የሕክምና ትምህርት ጀመሩ። እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ሦስት ብቻ የነበሩት የሕክምና ትምህርት ቤቶች በየክልሉ ተበተኑ። ስሌቱ ቀላል ነበር። ከተማው ሲሞላ ትርፉ ወደ ገጠር ይፈስሳል። አልፈሰሰም። ከተማው ሞላ፤ ትርፉ ሥራ ፈት ሆነ።

ለምን? እዚህ ላይ ከሐኪሙ ፍላጎት ይልቅ የበጀቱን መንገድ ማየት ይጠቅማል። ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ስንት ሐኪም እንደሚመረቅ የሚወሰነው እዚያ ነው። ጤና ጣቢያው የወረዳ ነው፤ ሆስፒታሉ የክልል ወይም የወረዳ ነው፤ ደመወዙ የሚከፈለው እነሱ ከበላይ ከሚያገኙት የበጀት ድጎማ ነው። ያ ድጎማ ደግሞ አብዛኛው ለመምህራን፣ ለግብርና ባለሙያዎችና ለጤና ሠራተኞች ደመወዝ ያልቃል። የሚያሠለጥነው ሌላ፣ የሚቀጥረው ሌላ። ወረዳው ሐኪም አይፈልግም ማለት አይደለም። ለአንድ ጂፒ (ስፔሻሊስት ላልሆነ አጠቃላይ ሐኪም) የሚሆነው ደመወዝ ካለው ሁለት ነርስ መቅጠር ይቀለዋል። ቢቀጥረውስ? ኦክስጅን የለም፣ ደም የለም፣ የማደንዘዣ ባለሙያው ለቆ ሄዷል። ሐኪሙ ታማሚን ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚልክ ሪፈር ጸሐፊ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ላይ ኑሮው መጣ። በግንቦት 2025 የጤና ባለሙያዎች ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ይስተካከል ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ፤ ብዙዎች ታሰሩ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። የትግራዩ ጦርነት ደግሞ ያለውን አፍርሷል። በ2021 መጀመሪያ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በትግራይ ከጎበኛቸው 106 የጤና ተቋማት በወጉ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶው ብቻ ናቸው። ወባም ተመልሳለች። በ2024 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው መያዙን የዓለም ጤና ድርጅት መዝግቧል። ጎንደር ኮሌጅ እንዲከፈት ያደረገችው ያቺው በሽታ።

ስለዚህ «ሐኪም እናብዛ» እና «ሐኪም በግዴታ እንላክ» የሚሉት ሁለቱም ተሞክረዋል። ያልተሞከረው፣ ቢያንስ በወጉ ያልተሞከረው፣ ገጠር እያለ የሚያድግ ሰው መፍጠር ነው። የገጠር ሐኪምና ጤና መኮንን ደመወዝ ለተወሰነ ዓመት ከፌዴራል በጀት በቀጥታ ይከፈል። ቤት ይሰጠው። አምስት ዓመት የቆየ በስፔሻሊቲ ምርጫ ቅድሚያ ያግኝ። የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ላይ ለገጠር ልጆች የተወሰነ ቦታ ይያዝ። ታይላንድ ይህን መሰል ነገር ከ1990ዎቹ ጀምራ ሠርታበታለች፤ የገጠር ልጅ ተቀብላ፣ በገጠር ሆስፒታሎች አሠልጥና፣ ወደ አገሩ ትመልሳለች፤ የርቀት አበል ትከፍላለች።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2013 የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ጀምሯል። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የሚያክም፣ የሚያዋልድ፣ ሥር የሰደደ በሽታ የሚከታተል ሐኪም ነው የሚወጣው። ለወረዳ ሆስፒታል ልክ የተሰፋ ሙያ ነው። ወረዳው ግን ይህን ሰው የሚቀጥርበት የሥራ መደብና በጀት ይፈልጋል። ተመራቂው ማመልከቻውን ይዞ የሚሄደው መደቡ ወዳለበት ነው።